መዝገቡ ነደደ፤ ዕዳውስ?

በስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ የካርል ማርክስ ሐውልት ቆሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ማለትም ኢሠፓ በተመሠረተበት ዓመት፣ ምሥራቅ ጀርመን በስጦታ ያቆመችው ነው። ስጦታውን የሰጠው መንግሥትም ሆነ ስጦታውን የተቀበለው መንግሥት ዛሬ የሉም፤ ሐውልቱ ግን አለ። እኔ በተማሪነቴ ዘመን ለጁሙዓ ሶላት ስወጣ በዚያ በኩል ነበር የማልፈው። አንድ ቀን አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ወደ ሐውልቱ እያመለከተ፣ «ሰውዬው ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል፤ ለምን እንደምትሄድም ካንተ ይበልጥ ያውቃል» ሲል ቀለደብኝ። ስቄ አለፍኩ። ነገሩ ግን ከዓመታት በኋላም አልለቀቀኝም።

ውድ አንባብያን! ለመሆኑ አንድ ሰው ለምን እንደሚያምን ከራሱ ይበልጥ ሌላ ሰው ሊያውቅለት ይችላልን? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡ የጀርመን ፈላስፎች «አዎን፣ ይቻላል» ብለዋል። ነገራቸውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ።

ሉድቪግ ፎየርባህ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በራሱ ውስጥ ያለውን መልካም ነገር ሁሉ አውጥቶ ሰማይ ላይ እንደ ሰቀለውና ያንኑ የራሱን መልክ ፈጣሪ ብሎ እንደሚሰግድለት ጻፈ። ማርክስ ከፎየርባህ ተቀብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ። እ.ኤ.አ. በ1844 ባወጣው ጽሑፍ ሃይማኖትን የሕዝብ ማደንዘዣ አለው። ይህችን ቃል ደርግ አገር ምድሩን አስጠንቷት ስለ ነበር ታላላቆቻችን ሁሉ ያውቋታል። ማርክስ ግን በዚያው ገጽ ላይ ሃይማኖት የመከረኛ ሰው እፎይታ ጭምር መሆኑን መጻፉን በውይይት ክበብ ያስተማሩን ካድሬዎች አልነገሩንም። የማርክስ ዋና አሳብ የሰው እምነትና ሥነ ምግባር ከመደቡ፣ ከአተዳደሩና ከጥቅሙ ይመነጫል የሚል ነው። ሦስተኛው ፍሬድሪክ ኒቼ ነው። የቄስ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ሥነ ምግባር ትውልድ በጻፈው መጽሐፉ፣ ትዕግሥትን፣ ይቅርታንና ትሕትናን የፈጠሯቸው ደካሞች ናቸው አለ። ደካማው መምታት ሲያቅተው አለመምታትን ጽድቅ ብሎ ሰየመው፤ ከጽድቁ በታች ግን የታመቀ ቂም አለ ማለቱ ነው።

እንግዲህ አንዱ ምኞትህ ነው ይላል፤ ሌላው ኪስህ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ቂምህ ነው ይላል። ሦስቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ «ለአላህ ብዬ ነው» የሚለው መልስ እውነተኛው መልስ አለመሆኑ ነው።

በእኛ በሙስሊሞች መካከል ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ከሃዲያን ናቸው ብሎ መጽሐፉን መክደን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ እኛ በጎ የተናገሩባትን ገጽ ፈልጎ መደሰት ነው። እንዲህ ያለች ገጽ በእርግጥ አትጠፋም። ማርክስ በሕይወቱ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ለጤናው ወደ አልጀርስ ሄዶ ሳለ ባለጠጋውና ቡትቶ የለበሰው ሙስሊም በአንድ ቡና ቤት እኩል ተቀምጠው ሲጫወቱ አይቶ ተደንቆ ለልጁ ጽፎላታል። ኒቼም በመጨረሻዎቹ ጽሑፎቹ አውሮፓን እየዘለፈ የአንዳሉስን ሥልጣኔ አሞግሷል። ነገር ግን ሙገሳው ለምንድን ነው? ኒቼ የወደደው የጌቶችንና የጦረኞችን ኩራት ነው። ከድንጋይ በታች ተጋድሞ «አንድ ነው» ይል የነበረውን ሐበሻውን ቢላልን (ረ.ዐ.) አላየውም፤ ቢያየው ኖሮ ሙገሳውን መልሶ ይወስድ ነበር። በማይገባን ነገር ሲያሞግሱን መደሰት የለብንም። ይልቁንስ ጥያቄውን በቀጥታ እንቀበለውና የምናውቀው አገር ላይ እንፈትነው።

እኔ የማውቀው አገር ምሥራቅ ጎጃም ነው። አባቴ የተወለደው በቢቸና አካባቢ ነው። አያቴ ሸማኔ ነበር። በዚያ አገር የእርሻ መሬት የሚገኘው በርስት ነበር፤ ይኸውም ከአቅኚው አባት በአባት ወይም በእናት መወለድን አስቆጥሮ ነው። ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው የሰሜኑ ደጋ አገር ከርስት የራቀ ነበር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠመቅ ወይም ልቀቅ የተባለበት ዘመንም መጥቶ ሄዷል። እንግዲህ መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይነግዳል ወይም ይሸምናል። ስለዚህም በጎጃም «ነጋዴ» ማለት የሥራ ስም ብቻ ሳይሆን የሙስሊም ስም እስከ መሆን ደርሶ ነበር። አያቴ የአገሬውን ሁሉ ኩታና ጋቢ ሲሠራ ኖሮ እርሱ ግን «ሸማኔ» ተብሎ ይናቅ ነበር። ከድርና ማጉ በቀር የእኔ የሚለው ነገር አልነበረውም።

ማርክስ ይህን ቢያይ ኖሮ «አላልኳችሁምን?» ባለ ነበር። እውነትም አለው። ደግሞም ከእርሱ በፊት ብሎታል ኢብን ኻልዱን። የቱኒዙ ሊቅ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ሙቀዲማ፣ የሕዝቦች ጠባይና ኑሮ የሚለያየው መተዳደሪያቸው ስለሚለያይ መሆኑን አስረድቷል። ኢብን ኻልዱን ቃዲ ነበር፤ ይህን በመጻፉም ከእምነቱ አልወጣም። መተዳደሪያ በሰው ጠባይ ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ ማመን አንድ ነገር ነው። ጠባይን ሁሉ የሠራው መተዳደሪያ ብቻ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው።

ማርክስን ያነበቡ ተማሪዎቻችን ይህን ልዩነት ባለማስተዋላቸው ጎጃም ላይ ግራ ሳይጋቡ አልቀሩም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ በአዲስ አበባ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጠመንጃውን አንሥቶ ሸፈተ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ታጠፈ። ነገር ግን ያ ገበሬ የተነሣው መሬት አጥቶ አልነበረም። መሬት ነበረው፤ መሬቱ ሲለካ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ነው የፈራው። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ባላባቱና ጭሰኛው ፊት ለፊት አልቆሙም፤ አገሬው በአንድ ላይ በመንግሥት ላይ ነበር የቆመው። ያ ሁሉ ስለ ርስት ሲሆን ርስት የሌለው አያቴ ሸማውን እየሠራ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሕዝበ ሙስሊሙ በአዲስ አበባ ለእኩልነት አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረውት ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም. በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አያቴም በሽምግልናው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥማድ በሬ የሚያውለው መሬት ተሰጠው። «ይህን መሬት የሰጠኝ የማያውቀኝ ጀርመን ነው አሉ፤ አላህ ያቅናው» ይል እንደ ነበር አባቴ እየሳቀ ያጫውተን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በዚያው ጀርመን ስም የመጣ ካድሬ አያቴን ስብሰባ ጠርቶ፣ ሶላቱ ማደንዘዣ መሆኑን አስተማረው። አያቴ እጁን አውጥቶ፣ «ማደንዘዣ የሚሰጠው ለታመመ ነው፤ እኔን ያመመኝ መሬት ማጣቴ ነበር፤ መሬቱን ካገኘሁ በኋላም እሰግዳለሁ፤ እንግዲህ ምን ሊያደነዝዘኝ ነው?» አለ ይባላል። ያልተማረ ሰው የሰጠው መልስ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ በዩኒቨርሲቲ አላነበብኩም።

ይህ ሲባል ግን አያቴ ማርክስን ረታው ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ጥቅሙ ከተሟላለት በኋላም መስገዱን አላቋረጠም ማለት ብቻ ነው። ከዚህ የከበደው ፈተና ሌላ ነው። ጥቅሙ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እምነቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲጎትቱት ሰው ወዴት ይሄዳል? ይህን ፈተና ሞጣ ላይ አየሁት።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ የደረሰውን አንባቢ አይረሳውም። ዕለቱ ዓርብ ነበር። መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ተወገዘ፤ በየከተማው ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። አንዳንድ ወዳጆቼ ያን ጊዜ የሰጡት ማብራሪያ የማርክስ ነበር። ሥራ አጥ ወጣት ነው፤ ሀብት ያለው ነጋዴ ነው፤ ሃይማኖቱ ሰበብ ነው አሉ። እኔም ድህነቱ የለም አልልም። ነገር ግን በዚያች ከተማ በዚያ ቀን ሺህ ድኻ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ድህነት ክብሪት አይጭርም፤ የሚጭረው እጅ ነው፤ እጅም ባለቤት አለው።

በዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ወደ ሞጣ ተጓዝኩ። አንድ አዛውንት ነጋዴ አገኘሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ፈለጉ አልጠቅሰውም። ሱቃቸው ከነ ዕቃው ነዶ፣ በዘመድና በበጎ አድራጊዎች እርዳታ ያን ጊዜ ገና አንድ መደርደሪያ ከፍተው ነበር። ስኳር፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። ለገጠሩ ሰው በዱቤ ይሰጡ የነበረው በመዝገብ እየያዙ ነበር፤ ዕዳው የሚከፈለው ጤፍ ሲወቃ ነው። መዝገቡም ከሱቁ ጋር ነዷል።

«አባባ፣ ስንት ብር ነበር መዝገቡ ላይ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«እሱን የሚያውቀው መዝገቡ ነበር፤ ልጄ» ብለው ሳቁ።

ቀጥለው ያጫወቱኝ እንዲህ ነው። ከቃጠሎው በኋላ በጥር ወር በገበያ ቀን አንድ የገጠር ሰው መጣ፤ ማተቡን ያሰረ ክርስቲያን ነው። እርሳቸው የተረፈ ቆርቆሮ እየለቀሙ ነበር። ሰውዬው የጋቢውን ጫፍ ፈትቶ 1,400 ብር ቆጠረላቸው። «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉት፣ «ዕዳዬ ነዋ» አለ። «መዝገቡ እኮ ነዷል» አሉት። «መዝገብዎ ቢነድ እኔ አልነደድኩም፤ ማተብ አለኝ» ብሏቸው ሄደ። ከእርሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። አንዷ እናት ያመጡት ገንዘብ አዛውንቱ ከሚያስታውሱት ሁለት መቶ ብር ይበልጥ ነበር። ይበዛል ቢሏቸው፣ «የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን ያውቃሉ?» ሲሉ ተቆጡ።

እኔም በጋዜጠኛነቴ ብቻ ሳይሆን በተማርኩት ትምህርት አስገዳጅነት ተጠራጠርኩ። «ነገ ዱቤ እንዳይከለከሉ ይሆናል የከፈሉት» አልኳቸው።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝ። «ያኔ ሱቅ አልነበረኝም። መልሼ እንደምከፍት እኔም አላውቅ። ከዐመድ ዱቤ የሚጠብቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ሁሉም መጡ?»

«የመጣውን ቆጥሬያለሁ። ያልመጣውን መቁጠር ትቻለሁ፤ ያ ሒሳብ አያልቅም።»

ከዚያም የኒቼን ጥያቄ በራሴ አነጋገር ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ታዲያ ላቃጠሉት ይቅር አሉ?»

መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ፍርድ ቤት ቆሜ ያየሁትን መስክሬያለሁ። ቂም የለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ይነሣብኛል። ግን ከእነዚያ ልጆች የአንዱ አባት ደንበኛዬ ነው። እሱም ዕዳውን አምጥቷል፤ እያለቀሰ ነው ያመጣው። አሁንም ስኳር ሊገዛ ይመጣል። እመዝንለታለሁ። ልጄ፣ ቂሙ አለ፤ ሚዛኔ ላይ ግን አላወጣውም።»

ውድ አንባብያን! ያን ቀን ማታ በሞጣ በያዝኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ ሦስቱን ጀርመኖች በተራ በተራ ለማነጋገር ሞከርኩ።

በመጀመሪያ ማርክስን። ያ ጋቢ ለባሽ ገበሬ መደቡ ምንድን ነው? ድኻ ገበሬ ነው፤ ባለ ዕዳ ነው። አበዳሪው ነጋዴ ነው፤ ያውም የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው። ማስረጃው ነዷል፤ ምስክር የለም። በመደብም በወገንም ቢታሰብ ዝም ማለት ነበረበት። 1,400 ብር ለእርሱ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። እርሱ ግን አመጣው። «ስሜን ለመጠበቅ ነው» እንዳይባል ማንም አልጠየቀውም። ጥቅም ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ይህን ሰው ግን አያስረዳውም። ያልመጡትን ግን ጥሩ አድርጎ ያስረዳቸዋል። ስለዚህ ማርክስ ስለ ሰው ሁሉ የተናገረው ነገር በእርግጥ የሚሠራው በአንዳንዱ ሰው ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ሳስብ በታሪካችን ያለ አንድ ባለሙያ ትዝ አለኝ። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) በመካ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ዓስ ኢብን ዋኢል ለተባለ የቁረይሽ ባለጠጋ ሠርቶለት ገንዘቡን ሊጠይቅ ሄደ። ባለጠጋው በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ካልካድክ አልከፍልህም አለው። ኸባብ እምቢ አለ። ባለጠጋውም፣ እንግዲያስ ከሞት ስነሣ ያኔ ሀብት ይኖረኛልና እከፍልሃለሁ ብሎ አላገጠበት። የኸባብ ድህነት እንዲሰማው የሚገፋፋው ወዴት ነበር? ወደ ገንዘቡ። መደቡስ? ከጌቶቹ ጋር እንዲስማማ ነበር። እርሱ ግን ገንዘቡን ትቶ ቃሉን ያዘ። የሞጣው ገበሬ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ቃሉን ያዘ። አንዱ ኢማን ይለዋል፣ ሌላው ማተብ ይለዋል፤ ሁለቱም ግን ጥቅም አይሉትም።

ቀጥሎ ኒቼን። እርሱ፣ «ሽማግሌው መምታት ስላልቻሉ ነው» ይለኛል። አዎን፣ አልቻሉም። ነገር ግን ደካማነታቸውን ጽድቅ ብለው አልሰየሙትም። ቂማቸውን አልደበቁም፤ ይቅር ብያለሁ ብለው አልዋሹም፤ ፍርድን ከፍርድ ቤት ጠየቁ። የቂም ሥነ ምግባር ምልክቱ መለኪያን መለወጡ ነው፤ የወደደውን አንድ ዓይነት፣ የጠላውን ሌላ ዓይነት ይመዝናል። የአዛውንቱ ሚዛን ግን ከቃጠሎው በፊትም በኋላም ያው ነው። ደግሞም መምታት በሚችል ሰው ይቅርታ ከተፈለገ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ መካን በያዙ ጊዜ ያሳደዷቸው ሁሉ በእጃቸው ላይ ነበሩ፤ ለቀቋቸውም። ያ የደካማ ይቅርታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ኒቼ ለእኛ የሚጠቅም ጥያቄ ጥሎልናል። በደል የደረሰበት ሕዝብ ስለ ፍትሕ በሚጮኽበት ጊዜ ጩኸቱ ስለ ፍትሕ ይሁን ወይስ ስለ ብቀላ፣ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። የተበደልን መሆናችን ብቻውን ትክክለኞች አያደርገንም።

በመጨረሻ ፎየርባህን። ከእርሱ ጋር መነጋገር የከበደኝ እኔ ራሴ ተከሳሽ ስለሆንኩ ነው።

በ2010 ዓ.ም. በቢቸና በዘመዶቼ ቤት አንድ ነገር ሆነ። ለአንዲት የአጎቴ ልጅ ሽማግሌ ተላከ። የላከው ወጣት መምህር ነው፤ ሶላቱን የማይጥል፣ የተመሰገነ ሙስሊም ነው። አያቱ ግን ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በአገራችን ቀጥቃጩ ማረሻውንና ማጭዱን ሠርቶ እየሰጠ ቡዳ ተብሎ ሲሸሽ የኖረ ሰው መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ቡና ተፈልቶላቸው፣ «ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት» ተብለው በክብር ተሸኙ። ልጅቷ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ነበር። «ሸማኔ» ተብሎ የተናቀ ሰው ዘር የሆንን እኛ፣ ከእኛ በታች የምናደርገው ሰው ፈልገን አገኘን። እኔም እዚያው ነበርኩ። በዩኒቨርሲቲ ስለ እኩልነት የጻፍኩ፣ በጋዜጣ ስለ ፍትሕ የምጽፍ ሰው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ታላላቆቼን ላለማስቀየም ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እንግዲህ ፎየርባህ ሰው አምላኩን በራሱ መልክ ሠራ ይላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የእኛ ሃይማኖት እኛን በመሰለ ነበር፤ ቀጥቃጭ የሚንቅ ሃይማኖት በኖረን ነበር። ነገር ግን ቁርኣን ስለ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ሲናገር ብረት እንደ ተለሰለሰለትና ጥሩር መሥራት እንደ ተማረ ይነግረናል። ንጉሥም፣ ነቢይም፣ ቀጥቃጭም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽን ታላላቆች ሲያነጋግሩ ከመጣባቸው ዓይነ ስውር ፊታቸውን በማዞራቸው የወረደባቸው ወቀሳ እስከ ዛሬ በሶላት ይቀራል። ምኞትና ጥቅም የሠራው መጽሐፍ ባለቤቱን እንዲህ አይገሥጽም። የተማረ አንባቢ፣ «ይህ ለመካ ድኾች የሚጠቅም ነገር ነበር» ይለኝ ይሆናል። ኸዲጃና አቡ በክር (ረ.ዐ.) ግን ነጋዴዎች ነበሩ፤ በዚያ እምነት ሀብታቸውን አወጡበት እንጂ አላተረፉበትም።

ከዚህ የምደርስበት ነገር አንድ ነው። ሃይማኖት ከጥቅማችን ጥላ የተለየ ነገር መሆኑ የሚታየው ጥቅማችንን በሚቃወምበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሶላታችን ኪሳችንን፣ ዘራችንንና ቂማችንን ካልነካ፣ ከማርክስ ጋር የምንከራከርበት ነገር የለንም፤ እየመሰከርንለት ነው። ያን ቀን ቢቸና ላይ ቡና ፉት እያልን የማርክስን መጽሐፍ እውነት አደረግንለት። ሞጣ ላይ ደግሞ አንድ ክርስቲያን ገበሬ የጋቢውን ጫፍ ሲፈታ ሐሰት አደረገው። ስለዚህ ለእነዚህ ጀርመኖች የምንሰጠው መልስ በጋዜጣ የሚጻፍ ብቻ አይደለም፤ በሱቅ ሚዛን ላይ፣ በኒካህ ሽምግልና ላይ፣ በዱቤ መዝገብ ላይ የሚሰጥ ነው።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የምታዘዝ መሆኗን ኡለሞች ያስተምሩናል። ከእርሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ ጸሐፊ በታጣ ጊዜ የታመነው ሰው አማናውን እንዲመልስና ጌታውን እንዲፈራ ታዛለች። መዝገብ እስካለ ድረስ ዳኛም ፖሊስም ያስከፍሉናል። መዝገቡ ሲነድ ነው ማንነታችን የሚታወቀው።

ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መንገድ በደብረ ወርቅ አድርጎ በቢቸና ያልፋል። ቢቸና ላይ ወረድኩ። ያ መምህር ከዚያ በኋላ ሌላ አግብቶ የአንድ ልጅ አባት ሆኗል። ከመስጊድ ሲወጣ ጠብቄ የመጣሁበትን ነገርኩት።

«አንተ እኮ አልከለከልከኝም» አለኝ።

«አልተናገርኩም» አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እሱስ እውነት ነው» አለና ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ። ምሳውን ስበላ ዕዳው ተከፈለ ብዬ አላሰብኩም። ከምሳ በኋላ ወደ ዘመዶቼ ቤት ሄጄ በዚያ ቀን ልናገር ይገባኝ የነበረውን በታላላቆቼ ፊት ተናገርኩ። አንዱ አጎቴ ተቆጥተው ተነሥተው ወጡ፤ ሌላው አንገታቸውን ደፉ። የታናሽቱ እኅቷ ነገር ገና ወደፊት ነው፤ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የምለው ቃል ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ ይመዝናል፤ አላህ ያበርታኝ።

ወሏሁ አዕለም።